ዲስኩ ተመልሶ ሲመጣ ኪሳራው የማን ነው?

ካሴት ወደ ዲቪዲ በመገልበጥ ሥራ ላይ ባዶው ዲስክ ትንሹ ወጪ ነው

ደንበኛው ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በእጁ የያዘው ከሦስት ቀን በፊት ሒሳቡን ከፍሎ የወሰደውን ዲቪዲ ነው። የእናትና የአባቱ ሠርግ ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠበት ነው። ሱቁ ውስጥ ሲታይ የሠራው ዲስክ ቤት ሲደርስ እምቢ ማለቱን ይናገራል። ባለሱቁ ዲስኩን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከተዋል፤ ይሠራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ተናደዋል።

ካሴት በሚገለብጡ ቪዲዮ ቤቶች እንዲህ ያለው ጠዋት እንግዳ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ዲስኩን የሚጽፈው ማሽን፣ በገበያው አጠራር «በርነሩ» ነው። ባለሱቁ አዲስ በርነር ይገዛል። በሳምንቱ ሌላ ዲስክ ተመልሶ ይመጣል። የብልሽቱን መነሻ ሳይለዩ መፍትሔ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ከወጪ ላይ ወጪ መጨመር ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በርን ከመደረጉ በፊት በተሠራ ወይም ከተደረገ በኋላ ሳይሠራ በታለፈ ነገር ላይ ነውና።

ለመሆኑ በዚህ ዘመን ስለ ዲቪዲ ማውራት ተገቢ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ ሠርግ የሚቀረጸው በዲጂታል ካሜራ ነው፤ ለሙሽሮቹም በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ መስጠት ተለምዷል። ለአሮጌው ሠርግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1976 ለገበያ ያቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለረጅም ዓመታት የቤተሰብ ማስታወሻ ሆኖ ቆይቷል። በየቁምሳጥኑ አናት የተቀመጠው የጥር ሠርግ፣ የመልስ፣ የክርስትናና የምረቃ ካሴት ተገልብጦ አላለቀም። ካሴቱን የሚያመጡትም ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ናቸው። ፍላሽ ከሚሰጣቸው ይልቅ በእጃቸው ይዘው ማጫወቻ ውስጥ የሚከቱት፣ ላዩ ላይ ስም የተጻፈበት ዲስክ ይመርጣሉ።

ገበያው ባይሞትም ዕቃው ግን እያለቀ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ በመሥራት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን በሐምሌ 2016 አቁሟል። ሶኒ የሚኒ ዲቪ ካሴትና ባዶ የብሉሬይ ዲስክ ማምረቱን በየካቲት 2025 አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ዴክ በእጁ ያለው ቤት የሚተካ መሣሪያ ሳይሆን የማይተካ ቋሚ ንብረት ይዟል ማለት ነው። ካሴቱም ቢሆን ሻጋታ ይበላዋል፣ ጥብጣቡ ይሰለባል፤ በዴክ ውስጥ ባለፈ ቁጥርም ያረጃል። አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ካሴቱ እንደገና ይጫወት ሲባል የሚወጣው ወጪ የባዶ ዲስክ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከማይተካው ዴክና ከማይተካው ካሴት ዕድሜ ላይ ሦስት ሰዓት መቀነስ ነው።

ስምንት ደቂቃ ለመቆጠብ

የሥራው ሒሳብ የሚጀምረው ከጊዜ ነው። የሦስት ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም። ቀጥሎ አላስፈላጊው ይቆረጣል፤ ምስሉ ዲቪዲ በሚቀበለው ኤምፔግ 2 በተባለው መልክ ይታመቃል። በርን ማድረጉ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሙሉ ዲስክ በ16 እጥፍ ፍጥነት 6 ደቂቃ ገደማ፣ በ8 እጥፍ 9 ደቂቃ ገደማ፣ በ4 እጥፍ ደግሞ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

እንግዲህ ነጋዴ ያስላው። ከአራትና ከአምስት ሰዓት ሥራ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል ማሽኑን በሙሉ ፍጥነት መጋለብ ምን ያተርፋል? ፍጥነቱ ሲያይል ጨረሩ በዲስኩ ቀለም ላይ የሚጽፈው ምልክት ጥራት ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ ወደ ዲስኩ ጠርዝ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ስለሆነ ሠርጉ በደንብ ይጀምርና ኬክ መቁረጡ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል። መጨረሻው ላይ ብቻ የሚቆም ዲስክ ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፍጥነቱንና ባዶውን ዲስክ ነው። በሌላ በኩል ቀስ ባለ ቁጥር ይሻላል ብሎ በ1 እጥፍ መጻፍም መፍትሔ አይሆንም። ለ16 እጥፍ የተሠራ ዲስክ በጣም ሲዘገይ ጥሩ ላይጻፍ ይችላል። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች የለመዱት መካከለኛው፣ ማለትም ዲስኩ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ግማሽ ነው።

የመጠኑም ሒሳብ እንዲሁ ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ሳጥኑ ላይ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን በሺህ ሳይሆን በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር 4.37 ብቻ ያሳያል። አስመጪው አላጭበረበረም፤ የሁለት ሚዛን ጉዳይ ነው። ይህ መጠን በካሴቱ ርዝመት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚደርሰው መረጃ ይታወቃል። ለሁለት ሰዓት ሠርግ በሴኮንድ 5 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ጥሩ ምስል ነው። ለሦስት ሰዓት ካሴት 3.4 ሚሊዮን፣ ለአራት ሰዓት 2.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል።

ደንበኛው ሁሉንም በአንድ ዲስክ ይፈልጋል፤ ባለሱቁም ዲስክ መቆጠብ ይወዳል። ንግግር ሲደረግና ሽማግሌ ሲመርቅ ምንም ችግር የለም፤ ሰው ቁጭ ስላለ ምስሉ ብዙ መረጃ አይፈልግም። እስክስታው ሲጀመር ግን ስክሪኑ ካሬ ካሬ ይሆናል፤ የሚዜዎቹ ፊት ይጠፋል። ደንበኛው ይህን የካሴቱ እርጅና ይመስለዋል። ካሴቱ ግን አላረጀም፤ አራት ሰዓት ለሁለት ሰዓት በሚበቃ ቦታ ተጨናንቆ ነው። መፍትሔው ሁለት ዲስክ ነው። 8.5 ጊጋባይት የሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አሮጌ ማጫወቻዎችም አንዳንዴ አይቀበሉትም። ሁለት ተራ ዲስክ ይሻላል።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። ካሴቱ አጭር ስለሆነ ቦታ ተረፈ ተብሎ ምስሉ ደንቡ እስከሚፈቅደው 9.8 ሚሊዮን ቢት ድረስ ይለጠጣል። ርካሽ ዲስክና አሮጌ ማጫወቻ ሲገናኙ በዚያ ፍጥነት ማንበብ ያቅታቸዋል፤ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። 8 ሚሊዮን ላይ መቆም ይበቃል።

እልልታው ቀድሞ ሲመጣ

ሙሽራዋ ከመኪና ገና ስትወርድ እልልታው ካለቀ፣ ድምፅና ምስል ተለያይተዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ፈተና ብዙ ሰዓት ያድናል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ግን ጉዳቱ የደረሰው ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። ያረጀ ካሴት የሚልከው ምልክት ሲወዛወዝ መቅጃው አንዳንድ ምስሎችን ይጥላል፤ ድምፁ ግን አይጠብቅም። በሴኮንድ 25 ምስል በሚቆጠርበት በእኛ ሥርዓት፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ 100 ምስል ከጠፋ የ4 ሴኮንድ ልዩነት ይመጣል። እንዲህ ያለውን ፋይል አሥር ጊዜ በርን ቢያደርጉት አሥር የተበላሸ ዲስክ ይወጣል። መቅጃው ሶፍትዌር የጣለውን የምስል ብዛት የሚያሳይ ከሆነ ቀረጻው እንዳበቃ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው መንስኤ የድምፁ መጠን ነው። ዲቪዲ በሴኮንድ 48,000 ናሙና ይፈልጋል፤ ከሙዚቃ ሲዲ የተወሰደ ማጀቢያ 44,100 ስለሆነ በቅድሚያ መለወጥ አለበት።

ቀረጻው ሁልጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ላይ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ፋት 32 በተባለው አሮጌ አደረጃጀት የተሰናዳ ነው። ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በዲቪ መልክ የሚገባ ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አዲስ ሃርድ ዲስክ መግዛት አያስፈልግም፤ ያለውን በኤንቲኤፍኤስ አሰናድቶ መቀጠል ነው። ማሰናዳት ግን ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ቀድሞ ማውጣት የግድ ነው።

ጨዋ የሚመስል ሱቅም የሚወድቅበት አንድ ብልሽት ደግሞ አለ፤ ምስሉ በቴሌቪዥን ሲታይ ሰው ሲንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል፣ በኮምፒውተር ሲታይ ግን ላይታወቅ ይችላል። የካሴት ምስል በሁለት ግማሽ መስመሮች ተከፍሎ የሚሣል ነው። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው ካስቀደመ እንቅስቃሴው ወደኋላና ወደፊት ይላል። በማስተካከያው ውስጥ ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ነው ማንኛውም ዲስክ ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት በተራ ማጫወቻና በተራ ቴሌቪዥን መታየት ያለበት። ኮምፒውተር ሁሉን ይቅር ባይ ነው፤ የደንበኛው ሳሎን ግን አይደለም።

ባዶው ዲስክና የመኪና ደላላው

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ የጻፉት ጥናት በኋላ በ2001 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል። ሐሳቡ ለደላላ አዲስ አይሆንበትም፦ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም መኪና የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ጥሩው መኪና ከገበያ ይወጣል። የባዶ ዲስክ ገበያ ከዚህ ይብሳል። እዚህ ቸርቻሪውም አያውቅም። አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሁለት ሳጥኖች ከሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሊወጡ ይችላሉ፤ የፋብሪካው ማንነት የሚታወቀው ዲስኩ ውስጥ በተቀመጠ መለያ ነው። ያንን መለያ የሚያነቡ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ።

ጥሩው ዕቃ ከገበያ መውጣቱም በተግባር ታይቷል። በጥራቱ ስሙ የገነነው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን በ2015 መጨረሻ ከዲስክ ሥራ ወጥቷል። ሚትሱቢሺ ኬሚካል ደግሞ ቨርባቲም የሚባለውን የዲስክ ሥራውን ለታይዋኑ ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ለመሸጥ በ2019 ተስማምቷል። ስለዚህ የድሮ ስም ብቻ አይቶ በካርቶን መግዛት አያዋጣም። ከአዲስ ካርቶን ጥቂት ዲስክ አውጥቶ፣ ጽፎ፣ አረጋግጦ፣ በሁለት ወይም በሦስት አሮጌ ማጫወቻ ሞክሮ ቀሪውን መግዛት የአስመጪንም የቸርቻሪንም ጠብ ይቀንሳል።

ዲቪዲ ባለ ሰረዝና ዲቪዲ ባለ መደመር የሚባሉት ሁለት ዓይነቶችም ግራ ያጋባሉ። ባለ ሰረዙ ቀድሞ የመጣ በመሆኑ በጣም አሮጌ ማጫወቻዎች እሱን የመቀበል ዕድላቸው ይሰፋል። እየተሰረዘ የሚጻፈው ዓይነት ደግሞ ብርሃን የሚመልሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙ አሮጌ ማጫወቻ አያነበውም። ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ለደንበኛ ግን መስጠት የለበትም።

መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ የሚነገር አንድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ዲስክ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ያለቀለት ነው፤ መቀጠል የለም። አነስተኛ ዩፒኤስ 15 ደቂቃ ከያዘ በቂ ነው። ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ውጫዊ በርነር ደግሞ መብራት ሳይጠፋም ሊከሽፍ ይችላል፤ ለመጻፍ የሚፈልገው ኃይል አንድ መሰኪያ ከሚሰጠው ሊበልጥ ስለሚችል። ባለ ሁለት ሹካ ገመድ ወይም የራሱ ኃይል ያለው በርነር ይህን ይፈታል። በየሥራው መሐል የሚከሽፍ በርነር ተብሎ ከተጣለው ውስጥ ስንቱ በገመድ ይድን እንደነበር የሚያውቀው ሰብሳቢው ቆራሌው ነው።

ዲስኩ ባሕር ሲሻገር

ወደ ጠዋቱ ደንበኛ እንመለስ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ማጫወቻ ላይ እምቢ የሚል ዲስክ ሦስት ቀላል ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የቪዲዮው ፋይል እንደ ተራ ሰነድ መቀዳቱ ነው። ማጫወቻ የሚፈልገው ቪዲዮ ቲኤስ የተባለ ማህደር ውስጥ በሕጉ የተደረደረ ዲስክ ነው፤ ፋይሉን ጎትቶ ዲስኩ ላይ መጣል ዲቪዲ አያደርገውም። ሁለተኛው ዲስኩ አለመዘጋቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ የመዝጊያው ሥራ ካልተሠራ ጽፎ የጨረሰው ማሽን ያነበዋል፣ ሌላው ባዶ ነው ይላል። ይህ ዲስክ አልሞተም፤ በጻፈው ማሽን ላይ መልሶ መዝጋት ይቻል ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት በውጭ አገር ዘመድ ላለው ሁሉ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ካሴቶች በፓል ሥርዓት የተቀረጹ ናቸው፤ በሴኮንድ 25 ምስል፣ 576 መስመር። አሜሪካ የምትጠቀመው ኤንቲኤስሲ በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል፣ 480 መስመር ነው። በእኛ አገር የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ አሜሪካ የሚሸጡ ብዙዎቹ ግን ፓልን አይቀበሉም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ እንከን የታየው የሠርግ ዲስክ ዋሽንግተን ሲደርስ ጥቁር ስክሪን ያሳያል። ወደ እስራኤል፣ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ዱባይ የሚላክ ከሆነ ፓሉ ይሠራል፤ አሜሪካና ካናዳ ናቸው መለወጥ የሚፈልጉት።

በዚህ ጊዜ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሰማው መልስ ችግሩ የዞን ቁጥር ነው የሚል ነው። ፋብሪካ የሚያሳትማቸው የፊልም ዲስኮች በዞን ይከፈላሉ፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናቸው። ቤት ውስጥ የተሠራ ዲስክ ግን የዞን ቁልፍ የለውም። ደንበኛውን የዞን መክፈቻ ፍለጋ መላክ ጊዜውን ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው በኤንቲኤስሲ የተሠራ ሌላ ዲስክ ነው። ያ ደግሞ የሚቻለው ሱቁ የመጀመሪያውን ፋይል ካላጠፋ ብቻ ነው። ካጠፋ ካሴቱ እንደገና ዴክ ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ሰዓት እንደገና ይቆጠራል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ ሱቅ 100 ዲስክ ሠርቶ 8 ተመለሱ እንበል፤ ቁጥሩ ለሒሳብ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱን የተመለሰ ዲስክ መቀበል፣ መመርመር፣ ማስረዳትና መልሶ መሥራት የአንድ ሰው አንድ ሰዓት ቢወስድ 480 ደቂቃ የሰው ጉልበት ወጣ። ካሴቱ እንደገና መጫወት ካለበት ደግሞ ይህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል 100ውንም ዲስኮች በሶፍትዌሩ የማረጋገጫ ትእዛዝ መፈተሽ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢወስድ 1000 ደቂቃ ነው፤ ቁጥሩ ይበልጣል፣ ነገር ግን የማሽን ደቂቃ ነው። ሠራተኛው በዚያ ጊዜ ሌላ ካሴት ይቆርጣል። የማሽን ጊዜና የሰው ጊዜ በአንድ ዓምድ የሚደምር ባለሱቅ ማረጋገጫውን የሚዘለው ለዚህ ነው።

የዋጋው አጣጣልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዲስክ የሚያስከፍል ቤት አራት ሰዓት በአንድ ዲስክ ለማጨቅ ይገፋፋል፤ ደንበኛውም ሁለተኛ ዲስክ ሲባል የተበላ ይመስለዋል። በካሴት ሰዓት የሚያስከፍል ቤት ግን የሚሸጠውን ትክክለኛ ዕቃ፣ ማለትም የዴኩንና የባለሙያውን ጊዜ ይሸጣል፤ ዲስኩ አንድ ሆነ ሁለት ገቢው አይለወጥም። ለተጨማሪ ቅጂም ሆነ ፋይሉን በፍላሽ ለመስጠት የተለየ ዋጋ ማውጣት ይቻላል።

ካሴት ሲቀበሉ ደረሰኙ ላይ አራት ነገር መጻፍ በቂ ነው፦ የካሴቱ ርዝመት፣ ዲስኩ የሚታይበት አገር፣ ማጫወቻው በግምት የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ፋይሉ ሱቁ ውስጥ እስከ መቼ እንደሚቆይ። ካሴቱ ዴክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ከጀርባው ያለችው ትንሽ የላስቲክ ክዳን መሰበር አለባት። እሷ ከሌለች በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካም ዴኩ ሠርጉ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይችልም።